ባዶ የቀረው ቀንበር፦ ክፉ ቀን በጎጃም፣ ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም.

ስለ ክፉ ቀን ሲወራ አብዛኛው ሰው የሚያውቀው ታሪክ አጭር ነው። ከብት አለቀ፣ ዝናብ ጠፋ፣ ሰው ረገፈ፣ ዐፄ ምኒልክም ዶማ ጨብጠው ቆፈሩ። ከዚያ ወሬው ወደ ዓድዋ ይሻገራል። በመካከሉ ያለው፣ በተለይም ጎጃም ያሳለፈችው መከራ፣ በቅጡ ሳይነገር ይታለፋል። ይህን የጉዳይ ጥናት የጻፍኩት ለዚያ ነው። ጎጃምን የመረጥኩት አገሬ ስለሆነች ብቻ አይደለም። አንድ የከብት በሽታ፣ ሦስት ነገሥታትና ሁለት የውጭ ኃይሎች በጥቂት ዓመታት ውስጥ የተላለፉባት አገር ናት። ወረርሽኝ መንግሥትን እንዴት እንደሚያናውጥ፣ የገዢዎች ጠብ ደግሞ ወረርሽኝን እንዴት እንደሚያከፋ እንደ ጎጃም አድርጎ የሚያሳይ ቦታ አላውቅም።

አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። በሬውን የገደለው በሽታው ነው። ገበሬውን የገደለው ግን በሽታው ብቻውን አይደለም። በሬ፣ ዘርና ሰላም በአንድ ጊዜ መጥፋታቸው ነው የገደለው፤ ከሦስቱ ሁለቱ ደግሞ በሰው እጅ የጠፉ ናቸው።

ከበሽታው በፊት የመጣው ጦር

ራስ አዳል ተሰማ በ1873 ዓ.ም. ተክለ ሃይማኖት ተብለው በዐፄ ዮሐንስ እጅ የጎጃምና የከፋ ንጉሥ ሆነው ነገሡ። ከፋ በስማቸው ላይ የተጨመረው እንዲሁ ለማዕረግ ያህል አልነበረም። ከዓባይ ማዶ ያለው አገር ቡናው፣ ወርቁ፣ የዝሆን ጥርሱ፣ ከብቱም የሚመጣበት ነበር። ነጋዴው ዓባይን ተሻግሮ ጎጃም ውስጥ ባሶ ገበያ ላይ ያርፍና ወደ ጎንደርና ወደ ምጽዋ ይቀጥላል። ያን መንገድ የያዘ ንጉሥ ሀብቱ አያልቅበትም። የሸዋው ንጉሥ ምኒልክም ያንኑ ይፈልጉ ነበርና ሁለቱ ግንቦት 1874 ዓ.ም. እምባቦ ላይ ገጠሙ። ተክለ ሃይማኖት ተሸነፉ፣ ቆሰሉ፣ ተማረኩ። በኋላ ተለቀው ወደ ዙፋናቸው ቢመለሱም ከዓባይ ማዶ ያለው አገር ከእጃቸው ወጣ። አንባቢ ይህን ነገር ይያዝልኝ፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ጥር 1880 ዓ.ም. ደግሞ በሱዳን በኩል የመሐዲስቶቹ (ያኔ ሱዳንን ይገዙ የነበሩት የመሐዲ ተከታዮች) ጦር በሐምዳን አቡ አንጃ እየተመራ መጣ። ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ደምቢያ ውስጥ ሣር ውሃ ላይ ገጥመውት ተሸነፉ። ብዙ የጎጃም ሰው አለቀ፣ ከቤተሰባቸው የተማረኩ ነበሩ፣ ጎንደርም ተዘረፈች፤ አብያተ ክርስቲያናቷ ተቃጠሉ።

ዐፄ ዮሐንስ በዚያ ሰዓት የነበሩት በሌላ ግንባር ነው። ከዶጋሊ ጦርነት በኋላ ጣሊያን ምጽዋ ላይ ጦሩን አጠናክሮ ስለነበር፣ ንጉሠ ነገሥቱ በ1880 ዓ.ም. አጋማሽ ብዙ ሠራዊት ይዘው ምጽዋ አጠገብ እስከ ሰዓጢ ወረዱ። ሳይዋጉም ተመለሱ። ብዙም ሳይቆይ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትና ንጉሥ ምኒልክ በእሳቸው ላይ እንደ ተማከሩ ሰሙ። ክረምቱ ሲወጣ፣ በ1881 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ ያ ጦር ወደ ጎጃም ገባ።

ይህ ዘመቻ ለጎጃም ሰው ከባዕድ ወረራ ያላነሰ ነበር። የዚያ ዘመን ወታደር ደመወዝ የለውም፤ የሚበላው ባረፈበት አገር ነው። እንደ ጠላት አገር በተቆጠረ ቦታ ደግሞ ከመብላትም ያልፋል። በጉድጓድ የተቀበረ እህል ይወጣል፣ ጎተራ ይገለበጣል፣ ከብት ይነዳል፣ የቀረው ይቃጠላል። ዐፄ ዮሐንስ በኋላ ለዚህ ጥፋት ኃጢአቱ የማን እንደሆነ እያሰቡ ማዘናቸው ይነገራል። ሐዘናቸውን አላቃልልም። ለቢቸናና ለደጀን ገበሬ ግን ዘር አልሆነውም።

ከምጽዋ የተነሣው

በእኛ ገበሬ ዘንድ ደስታ የሚባለው የከብት በሽታ (ሪንደርፔስት) ወደ ኢትዮጵያ የገባው በምጽዋ በኩል ነው። ጣሊያኖች ለጦራቸው ቀለብ ከህንድ በመርከብ ያስመጧቸው ከብቶች በሽታውን ይዘው ወረዱ። ይህ የሆነው በ1880 ዓ.ም. መግቢያ ግድም ነው። ከዚያ ወደ ሐማሴን፣ ወደ ትግራይ፣ ወደ በጌምድርና ጎጃም፣ ወደ ሸዋ፣ በመጨረሻም ወደ ደቡቡ አለፈ። በኢትዮጵያም አላቆመም። በምሥራቅ አፍሪካ አድርጎ እ.ኤ.አ. በ1896 ደቡብ አፍሪካ ደረሰ፤ ጀርመናዊው ሮበርት ኮኽ ኪምበርሊ ድረስ ተጠርቶ መከላከያ ሲፈልግ የነበረው ለዚሁ በሽታ ነው።

የበሽታው መንሥኤ ከኩፍኝ ቫይረስ ጋር የቅርብ ዘመድ የሆነ ቫይረስ ነው። ከከብቱ አካል ውጭ ብዙ አይቆይም፣ በነፋስ ሩቅ አይሄድም። የሚጓዘው ከብት ከከብት ሲገናኝ፣ አንድ ውሃ ሲጠጣ፣ አንድ በረት ሲያድር ነው። እንግዲህ በዚያ ዘመን ብዙ ከብት በአንድ ላይ ረጅም መንገድ የሚያስኬደው ማን ነበር? ነጋዴ አለ፣ ዘላን አለ። ከሁሉ በላይ ግን ስንቁን በእግሩ እየነዳ የሚዘምት ሠራዊት አለ። ከሰዓጢ ተመልሶ ጎጃም የገባውን ጦር መንገድ በካርታ ላይ ለሚከተል ሰው፣ የበሽታውም መንገድ ከዚያ ብዙ አይርቅም።

የታመመ በሬ ምን እንደሚመስል መግለጽ ያስፈልጋል፤ «ከብት አለቀ» ብሎ ማለፍ ይቀላልና። መጀመሪያ ትኩሳት ይይዘዋል። መመገብ ይተዋል፣ ማመስኳት ያቆማል፣ ጆሮው ይወድቃል። ዓይኑና አፍንጫው መጀመሪያ ውሃ፣ ቀጥሎ መግል ያወርዳሉ። ድዱ፣ ከንፈሩና ምላሱ ሥር ይላላጥና ቁስል ይሆናል፤ ከአፉ የሚወርደው ለሃጭ ይሸታል። ከዚያ ተቅማጡ ይጀምራል፣ ደም ይቀላቀልበታል፣ በሬው ውሃው ከሰውነቱ አልቆ ዓይኑ ይጎደጉዳል። ብዙውን ጊዜ ምልክቱ በታየ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይወድቃል። ከዚህ የተረፈ ከብት ዕድሜ ልኩን ዳግመኛ አይዘውም። በሽታውን ጨርሶ አይታ በማታውቅ አገር ግን የሚተርፈው ጥቂት ነበር። በዚያ ዘመን ከኢትዮጵያ ከብት ከአሥሩ ዘጠኙ አልቋል ተብሎ ይገመታል። ቆጠራ አልነበረምና ቁጥሩ ግምት ነው፤ ነገር ግን የአገሬው ዜና መዋዕል ጸሐፊም የውጭ ተጓዥም የሚናገሩት ተመሳሳይ ነው።

ጥማድ በሬና አንድ ክረምት

ከብት ማለቁ ሰውን ለምን እንደ ገደለ ለመረዳት የጎጃምን እርሻ ማወቅ ይጠይቃል። ሥጋ ወይም ወተት ስለ ጠፋ አይደለም ሰው የሞተው። ዛሬም ቢሆን ጎጃም ውስጥ መሬት የሚለካው በጥማድ ነው፤ ጥማድ ማለት ሁለት በሬ በአንድ ቀን የሚያርሰው ነው፣ ሩብ ሄክታር ይሆናል። ጤፍ ደግሞ አንድ ጊዜ አርሶ የሚዘራ እህል አይደለም። ጭቃው እስኪለሰልስ፣ አረሙ እስኪጠፋ፣ አራትና አምስት ጊዜ ይታረሳል። ስለዚህ አንድ ሄክታር ጤፍ ለመዝራት ጥማድ በሬ ከግማሽ ወር በላይ መጠመድ አለበት፤ ይህም ከበልግ ጀምሮ ሐምሌ ሳያልፍ መጠናቀቅ ያለበት ሥራ ነው። አንድ በሬ የሞተበት ገበሬ ከጎረቤቱ ጋር ይቀናጃል። መቀናጆ ለዚህ ዓይነት ችግር የተበጀ ጥሩ ልማድ ነው። በአጥቢያው በሙሉ ቀንበር የሚሸከም በሬ ሲጠፋ ግን መቀናጆም፣ ወንፈልም፣ ደቦም አያድንም።

ያኔ የቀረው ዶማ ነው። ጎልማሳ ሰው ጠግቦ እየበላ እንኳ አንድ ሄክታር በዶማ አንዴ ለመገልበጥ ከወር በላይ ይፈጅበታል። የተራበ ሰው የሚቆፍረው ጓሮውን ያህል ነው። እርሻው ዳዋ ለበሰ። ከብቱ ሲጠፋ ኩበትም ጠፋ፤ ዛፍ በተመናመነበት ደጋ ኩበት የማገዶ ነገር ነው፣ ፍግም የጓሮው ማዳበሪያ ነው። ሞፈሩን ከቀንበር የሚያስረው ምራን፣ እህል የሚጫንበት ስልቻ፣ የሚተኛበት ቁርበት፣ ሁሉም ከከብት የሚገኝ ነው። አንድ ቫይረስ የአንድን ቤት ኑሮ እስከ መኝታው ድረስ ነቀለው።

በዚህ ላይ ዝናቡ ከዳ። ድርቁ ራሱን ችሎ የመጣ ነው፣ አንበጣና ተምችም ተከተሉት፤ እነዚህን በሰው ማላከክ አይገባም። ሆኖም በጎተራው የከረመ እህል ያለው ገበሬ አንድ ዓመት ድርቅ ይችላል፣ አያቶቻችን ሲችሉት ኖረዋል። የጎጃም ገበሬ በ1881 ዓ.ም. የገጠመው ችግር ጎተራው ድርቁ ሳይመጣ በጦር መገልበጡ ነው። በጉድጓድ ያስቀመጠውን ዘር ወታደር በላው፣ በሬውን በሽታ ወሰደው፣ ዝናቡ ደግሞ የቀረውን ተስፋ ይዞ ሄደ።

ረሃቡን ተከትለው የመጡት

በረሃብ የሚሞት ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚሞተው በሌላ በሽታ ነው። ቤቱን ዘግቶ እህል ፍለጋ የወጣ ቤተሰብ ከሌሎች ተፈናቃዮች ጋር በቤተ ክርስቲያን ቅጥር፣ በገበያ ዳር፣ በመኳንንት ደጃፍ ይሰበሰባል። አንድ ልብስ ለወራት ይለብሳል፣ ቅማል ይወረዋል፣ ተስቦ ይገባል። የሚጠጣው ውሃና የሚጸዳዳበት ቦታ ይቀራረባል፣ ኮሌራና ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ይከተላሉ። ፈንጣጣ ደግሞ ሕፃናቱን ይጨርሳል። ከ1881 ዓ.ም. ጀምሮ እነዚህ ሁሉ ተከታትለው ገቡ። ጅብና አንበሳ ጉልበት ያጣውን ሰው በየመንገዱ ይጥሉ እንደ ነበር፣ ራሳቸውን ለባርነት የሸጡ እንደ ነበሩ የዘመኑ ምስክሮች ጽፈዋል። ከአገሪቱ ሕዝብ ሲሶው አልቋል የሚለው ግምት በየቦታው ይጠቀሳል። ያም ግምት ነው። ግማሹን እንኳ ብንቀበል፣ በዓድዋ ከወደቀው ሰው ጋር የሚነጻጸር አይደለም። ይህን ሳስብ ለዓድዋ ሐውልት ስናቆም ለክፉ ቀን ሙታን ምንም አለማቆማችን ይከነክነኛል።

በሽታው ከቤተ መንግሥትም አልቀረም። የዐፄ ዮሐንስ ልጅና አልጋ ወራሽ ይሆናሉ የተባሉት ራስ አርአያ ሥላሴ ሰኔ 1880 ዓ.ም. በፈንጣጣ ሞቱ። የምኒልክን ልጅ ዘውዲቱን አግብተው የነበሩት እሳቸው ናቸው፤ ሁለቱን ቤቶች በጋብቻ ያገናኘው ድልድይ አብሯቸው ፈረሰ። ዐፄ ዮሐንስም ከጎጃም ወጥተው ወደ መተማ ዘመቱና መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. በጥይት ቆሰሉ፣ በዚያው ሞቱ። በሚሞቱበት ሰዓት ወራሼ ብለው የጠሩት ራስ መንገሻ ከዚያ በፊት ልጃቸው መሆኑ በአደባባይ ያልተነገረለት ነበር። ያ ፈንጣጣ ባይመጣ የዙፋኑ ጥያቄ በዚህ መልክ ባልተነሣ ነበር ብዬ አምናለሁ። ከድንበሩ ማዶ፣ መተማ ላይ በተዋጋው በመሐዲስቶቹ አገርም፣ ሱዳኖች እስከ ዛሬ «ሰነት ሲታ» (ዓመተ ስድስት) የሚሉት ረሃብ በዚያው ዓመት ሰው እየጨረሰ ነበር። ሁለት የተራቡ አገሮች የቀራቸውን ሰው ይዘው ነው የተዋጉት።

ምኒልክ የነበራቸው፣ ተክለ ሃይማኖት ያጡት

ከመተማ በኋላ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ለምኒልክ ገቡ፤ ምኒልክም በንግሥናቸው አጸኗቸው። ከዚህ በኋላ የሁለቱ ገዢዎች አያያዝ ቢነጻጸር ብዙ ያስተምራል።

ዐፄ ምኒልክ ያደረጉት በሰፊው ይታወቃል። ጎተራ አስከፈቱ፣ እህል አከፋፈሉ፣ ምሕላ አሳወጁ። መኳንንቱና ወታደሩ በእጅ መቆፈርን እንደ ውርደት እንዳያዩት ራሳቸው ዶማ ይዘው ቆፈሩ። ይህን ታሪክ ለማጌጫ የተነገረ ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ እንደዚያ አላየውም። ጦር የሚይዝ እጅ እርፍ አይይዝም በሚባልበት ማኅበረሰብ ውስጥ ንጉሠ ነገሥት ዶማ ሲይዝ በብዙ ሺህ የሚቆጠር ሥራ ፈት ወታደር የሚሰማው ትእዛዝ ነው። የበለጠ የሚመዝነው ግን በ1884 ዓ.ም. ግድም የወጣው የአሥራት ሥርዓት ይመስለኛል። ገበሬው ከምርቱ አንድ አሥረኛውን ለመንግሥት ያግባ፣ በለውጡ ወታደር በቤቱ እየተመራ አይብላው የሚል ነበር። በተግባር በየቦታው ተጥሷል። ያም ሆኖ፣ ከረሃቡ የተማረ ደንብ ነው፤ ወታደር ከገበሬ ጉሮሮ እየነጠቀ እስከ በላ ድረስ አገር እንደማያገግም ያመነ ደንብ ነው።

ሌላውን ወገን ደግሞ ሳላነሣው ላልፍ አልችልም። ሸዋ እንደገና በሬ ያገኘችው በጸሎትና በዶማ ብቻ አይደለም። በደቡብ ከተደረጉት ዘመቻዎች ብዙ ከብት ተነድቶ መጥቷል፤ ረሃቡ ካለፈ በኋላ እንኳ በ1887 ዓ.ም. ከወላይታ የተነዳው ከብት ብዛቱ የታወቀ ነው። የአንዱ አገር ቀንበር የሞላው የሌላውን አገር በረት ባዶ አድርጎ ነው። ለምኒልክ ምስጋና ስንጽፍ ይህም አብሮ መጻፍ አለበት።

ጎጃም ግን እንዲህ ያለ መንገድም አልነበራትም። እምባቦን ያስያዝኩት ለዚህ ነው። ከዚያ ጦርነት በኋላ ከዓባይ ማዶ ያለው አገር ለሸዋ ገብሯል። በሰሜን በጌምድር እንደ ጎጃም አልቋል። በምዕራብ መሐዲስት አለ። ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ጎተራቸውን ቢከፍቱ እንኳ፣ ጎተራውን አስቀድሞ የዐፄ ዮሐንስ ጦር ገልብጦታል። ሰውዬው ለሕዝባቸው ደንታ ቢስ ነበሩ የሚል ማስረጃ የለም። ያጡት ሐሳብ አይደለም፣ የሚያመጡበት በር ነው። በሬ እንደገና የሚራባው ከተረፉት ጥቂት ላሞች ነው፤ ጥጃ ተወልዶ ለቀንበር እስኪደርስ ደግሞ ሦስትና አራት ዓመት ይፈልጋል። የጎጃም ገበሬ በጎረቤት አገር ዝናብ ከተመለሰ በኋላም የጥጃ ዕድሜ ሲቆጥር የኖረው ስለዚህ ነው።

ከውጫሌ እስከ ዓድዋ

የውጫሌ ውል የተፈረመው ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ነው፤ ከብቱ እያለቀ፣ ሰው እየረገፈ ባለበት ወር። ጣሊያን በዚያው ዓመት ከረንንና አስመራን የያዘው ይህ ነው የሚባል ውጊያ ሳይገጥመው ነው። ደጋው ባዶ መስሎ ታየው። ባለቤቱ በረሃብ የሞተበትን ወይም የተሰደደበትን መሬት ባዶ መሬት ብሎ ለኢጣሊያ ገበሬዎች ማደል ጀመረ። የደጃዝማች ባህታ ሐጎስ አመፅ በ1887 ዓ.ም. የተነሣው በዚሁ ነጠቃ ምክንያት ነው።

ዐፄ ምኒልክ የውጭ ግንኙነታቸውን በጣሊያን በኩል እንዲያደርጉ ያስገድዳል የተባለውን የውሉን አንቀጽ 17 እንደማይቀበሉ ቀደም ብለው ቢያስታውቁም ውሉን በጠቅላላ የሰረዙት በ1885 ዓ.ም. ነው፤ ማለትም አገሩ ማገገም ከጀመረ በኋላ። የክተት አዋጁ የታወጀው መስከረም 1888 ዓ.ም. ነው። ወደ መቶ ሺህ የሚገመት ሠራዊት ከጎተራ በወጣ ስንቅ ነው ዓድዋ የደረሰው፤ ያ ጎተራ በ1882 ዓ.ም. ባዶ ነበር። ጣሊያን በዚያ ዓመት ቢገፋ ኖሮ ታሪኩ ሌላ ሊሆን ይችል ነበር። ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትም የጎጃምን ጦር ይዘው በዓድዋ ተገኝተዋል። ጥር 1893 ዓ.ም. ሲሞቱ ጎጃም ለመኳንንት ተከፋፈለች፤ ከእሳቸው ወዲህ የነገሠባት የለም።

የቫይረሱ መጨረሻ

ይህ በሽታ ዛሬ በምድር ላይ የለም። ዋልተር ፕላውራይት የተባለ እንግሊዛዊ የእንስሳት ሐኪም ኬንያ ሙጉጋ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1960 ግድም በሠራው ክትባት፣ በኋላም ያለ ማቀዝቀዣ ለሳምንታት ሊቆይ በሚችለው የተሻሻለ ዓይነቱ፣ ከመንደር ወደ መንደር እየተባረረ ጠፋ። በኢትዮጵያ የመጨረሻው ወረርሽኝ የታየው እ.ኤ.አ. በ1995 አፋር ውስጥ ነው። እዚያ ያጠፉት ሄሊኮፕተርና ትልልቅ ቢሮዎች አይደሉም፤ ክትባቱን ተሸክመው ከአርብቶ አደሩ ጋር በእግር የተጓዙ፣ ከማኅበረሰቡ የተመረጡ የእንስሳት ጤና ሠራተኞች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2011 ዓለም በሙሉ ከበሽታው ነፃ መሆኗ ታወጀ። ከፈንጣጣ ቀጥሎ በሰው ጥረት ከምድር የጠፋ ሁለተኛው በሽታ ነው። የቀረው የቫይረስ ናሙና ፈቃድ ባላቸው ጥቂት ላቦራቶሪዎች ውስጥ ተቆልፎ ተቀምጧል፤ ከእነርሱ አንዱ የአፍሪካ ኅብረት የእንስሳት ክትባት ማዕከል ነው፣ ያለውም ቢሾፍቱ ነው።

የቅርብ ዘመዱ የሆነው የበግና የፍየል ደስታ ግን አሁንም አለ። ክትባቱ ቢሾፍቱ ውስጥ ይመረታል፣ አንድ ጊዜ የተከተበ በግ ወይም ፍየል ለዓመታት ይጠበቃል፣ እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ለማጥፋትም ዓለም አቀፍ ዕቅድ ተይዟል። ይህ በሽታ የሚይዘው ጥማድ በሬ የሌላትን፣ ልጅ ለማስተማርና ማዳበሪያ ለመግዛት ሁለትና ሦስት በግ የምታረባውን ባልቴት ሀብት ነው። ለክትባቱ መድረስ መንገድ መከፈት አለበት፣ ከታጠቀ ሰው ሳይፈራ በየቀበሌው የሚገባ የእንስሳት ጤና ባለሙያ መኖር አለበት።